ክርክር፦ ጣና ዳር ስሙ ከጣዕሙ የበለጠው ምግብ የትኛው ነው? የተናቀውስ?

አወያይ፦

የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከሚገባው በላይ የተወደሰው ምግብ የትኛው ነው? በየቀኑ እየተበላ ምስጋና ያላገኘው፣ ወይም ጨርሶ የተናቀውስ? ተከራካሪዎች «እኔ አልወደውም» ብለው እንዳያበቁና ምክንያታቸውን ከአሠራሩ፣ ከዋጋው ወይም ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አያይዘው እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። የምግብ ቤት ስም ጠርቶ ማሞገስም ሆነ ማንቋሸሽ አይፈቀድም። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ሙግት ደግሞ፣ ባለፈው ጊዜ የት እንዳደረሰን ሁላችንም ስለምናስታውስ፣ እባካችሁ ለሊቃውንቱ እንተወው።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልጀምር። ከሚገባው በላይ የተወደሰው ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሻንጣውን ሳይፈታ «ዓሣ የት ነው የምንበላው?» ይላል። እኛም ሐይቁ ዳር ወስደን እናስቀምጠዋለን፤ ጎኑ በቢላዋ የተተለተለ፣ ዘይት ውስጥ ቆይቶ ጅራቱ የተኮማተረ ዓሣ ከሎሚና ከአዋዜ ጋር ይቀርባል፤ እንግዳውም ፎቶ ያነሣዋል። የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው ከፎቶው በኋላ ነው። ከአንድ ቆሮሶ ጠቅላላ ክብደት ንጹሕ ሥጋ ሆኖ የሚወጣው ሲሶው ያህል ብቻ ሲሆን፣ የተረፈው ራስ፣ አጥንት፣ ቅርፊትና የሆድ ዕቃ ነው። ያ ሲሶ ራሱ ስብ ያልበዛበት ስስ ሥጋ ስለሆነ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ካለፈው ይደርቃል፤ ዘይቱ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ደግሞ ከጓዳው ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የምናወድሰው ንፋሱን፣ ደንገሉንና ውኃው ላይ የምትጠልቀውን ጀንበር ነው እንጂ ሳህኑን አይደለም። ያንኑ ዓሣ መናኸሪያው ጀርባ ካለ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ በዚያው ዋጋ ቢያቀርቡት፣ ሁለተኛ የሚያዝዝ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የተናቀው አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነው። መልኩ እንደማያምር፣ ሪዛምና ልጋጋም መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ቆዳው ተገፍፎ፣ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ታሽቶ ከታጠበ በኋላ፣ ቀይ ሽንኩርቱ በዝግታ በስሎ በርበሬው ከተቁላላበት ድስት ውስጥ ሲገባ፣ ሥጋው ሳይፈራርስ ስቡን ለመረቁ ይሰጣል። ቆሮሶ በዚህ ድስት ውስጥ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ይበታተናል፤ አምባዛ ግን ወጡን ራሱ ይሠራዋል። እንዲያም ሆኖ የከተማችንን የምግብ ዝርዝሮች ብታገላብጡ ስሙን ማግኘት ይቸግራችኋል።

የምግብ ቤት ባለቤት፦

ወንድሜ የሽምብጥ ነዋሪ በጥብስ ላይ የፈረዱት፣ ዓሣውንና የጠበሰውን ሰው ለይተው አይደለም። ለብዙ ዓመት ዓሣ ጠብሼ የኖርሁ ሴት ስለሆንሁ ላስረዳዎት። ቆሮሶው ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ካልደረቀ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ዘይቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ዓሣው ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል፤ ያ ነው እርስዎ «ደረቀ» የሚሉት፣ ውስጡ ጭምር እንደ ጥጥ የሚሆነው። ጎኑ የሚተለተለው ለጌጥ ሳይሆን ጨውና ሎሚ እንዲገባውና እሳቱ እስከ አከርካሪው እንዲደርስ ነው፤ ትልትሉ ከሰፋ ሥጋው ይላቀቃል፣ ከጠበበ አጥንቱ ሥር ጥሬ ይቀራል። በትክክል የተጠበሰ ቆሮሶ ላዩ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ በጣት ሲከፈት እንፋሎት የሚያወጣ ነው። የጉንጩን ሥጋ ለይቶ የሚበላ ደንበኛ ሲመጣ እኔ ወዲያው አውቀዋለሁ፤ እሱ ለጀንበር አልመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆሮሶ የሚወደድበት ትልቁ ምክንያት በሥጋው መካከል የተበተነ ደቃቅ እሾህ የሌለው መሆኑ ነው። አከርካሪውንና የጎድን አጥንቱን ካነሡለት ለሕፃን ልጅ ያለ ሥጋት ይሰጣል። ስሙ የወጣው በዚህ ነው፤ ጥንቃቄ በሌለበት ቤት የተጠበሰው ዓሣ የሚያመጣውን ነቀፌታ ሁሉ በምግቡ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። አምባዛን በተመለከተ ዝርዝር ላይ ያላወጣሁበት ምክንያት አለኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የስታዲየም ሠፈር ልጅ፦

እኔ በበኩሌ በአገር ደረጃ ከሚገባው በላይ የተወደሰው ክትፎ ነው እላለሁ። ጥሩ ቅቤና ጥሩ ሚጥሚጣ ያገኘ ነገር ሁሉ ይጣፍጣል።

አወያይ፦

ክትፎ የጉራጌ ወገኖቻችን ሙግት ስለሆነ ጣና ዳር ላይ እንቆይ።

ዓሣ አስጋሪ (ከደብረ ማርያም በኩል)፦

ሁለቱም ተከራካሪዎች ስለ ድስትና ስለ መጥበሻ ተናግረዋል፤ እኔ ደግሞ ዓሣው ጓዳ ከመድረሱ በፊት የሚሆነውን ልናገር። መረብ የምንጥለው ወደ ማታ፣ የምናነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው። ቆሮሶ በመረቡ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ሞቶ ነው፤ በምሽት የተያዘው ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ አድሯል፤ ከዚያ በጀልባ ዳር ይደርሳል፣ ይመዘናል፣ ይጫናል፣ በረዶ ካገኘም አግኝቶ ካላገኘም እንዲሁ ምሳ ሰዓት ይጠብቃል። «ከሐይቁ ትኩሱን» ብሎ የሚያዝዝ እንግዳ ይህን አያውቅም። አምባዛ ግን ከውኃ ወጥቶም አየር መሳብ የሚችልበት አካል ስላለው፣ እርጥብ ጆንያ ከለበሰ እስከ ረፋድ ድረስ በሕይወት ይቆያል። ገዢ ፊት ለፊት እየተንፈራገጠ የሚታረድ ዓሣ እሱ ብቻ ነው። በትኩስነት ከሆነ ክርክሩ፣ አምባዛን የሚስተካከለው የለም። ዋጋው ግን ሁልጊዜም ከቆሮሶ በታች ነው፤ አንዳንዴም መረባችን ውስጥ ሲገባ ደስ የማይለን ጊዜ አለ፤ መረቡን እየቦጫጨቀ ይጎዳዋልና።

የዲቁና አገልጋይ፦

አምባዛ «ተናቀ» የሚለውን ቃል ልቃወም ነው የመጣሁት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውኃ ከሚኖሩት መካከል ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፣ የሌለው ግን አይበላም ተብሎ ተጽፏል። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ይህን ሥርዓት ይዘው የማይበሉ ምእመናን ዓሣውን ስለ ጣዕሙ አልፈረዱበትም፤ አልቀመሱትምና ሊፈርዱበትም አይችሉም። ከመብላት የታቀበን ሰው ጣዕም እንደማያውቅ፣ ወይም ኋላ ቀር እንደሆነ አድርጎ ማቅረብ ክርክሩን ያበላሸዋል። የሚበላው ይብላ፤ የማይበላውም በምክንያት እንደማይበላ ይታወቅለት።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ዲያቆን፣ በሥርዓት ምክንያት ስለሚታቀቡት ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ክርክሬም ከእነርሱ ጋር አይደለም። ነገር ግን ሥርዓቱን የማይጠብቁ፣ ሌላውን ሁሉ ያለ ገደብ የሚበሉ ሰዎች አምባዛ ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ለምንድን ነው? እነዚህን ነው «ናቁት» ያልሁት።

የታሪክ መምህር፦

ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ አንድ መልስ አለኝ፤ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በጣና ዙሪያ ዓሣ በማጥመድ፣ ከደንገል ታንኳ በመሥራትና ሰፌድ የመሰለውን ዕቃ ሠርቶ በመሸጥ የኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት፣ በቀድሞው ዘመን የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በሚል ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተደርገው ኖረዋል። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ምግቡና በላተኛው አብረው ነው የተጠሉት፤ ከሐይቁ የሚወጣና ሌላው የማይበላው ነገር ሁሉ «የእነ እገሌ ምግብ» ተብሎ ይመደብ ነበር። ሃይማኖታዊውን ሥርዓት ከማይጠብቅ ሰው አፍ የሚወጣ «አምባዛማ አልበላም» የሚል ቃል ውስጥ፣ ተናጋሪው ራሱ ሳያውቀው የዚህ አሮጌ አስተሳሰብ ቅሪት ያለ ይመስለኛል። ስለ ጣዕም የምንከራከር ከሆነ፣ ጣዕሙን ሳይሆን ሰውን የምንጠላበትን ክፍል ለይተን ማውጣት አለብን። ዓሣ መብላት ራሱ በደጋው ገበሬ ዘንድ የድኻ ምግብ ተደርጎ ይታይ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ ቆሮሶ የሆቴል ምግብ ሆኖ ከፍ ሲል፣ አምባዛ እዚያው ቀርቷል።

የዓሣ ሀብት ባለሙያ፦

ክርክሩ ስለ ሁለት ዓሣዎች ብቻ ሆነ፤ ሦስተኛው ተረሳ። የጣና እውነተኛ ልዩ ዓሣ ቆሮሶም አምባዛም አይደለም፤ ቆሮሶን ዝዋይና ሐዋሳም ያገኙታል፣ አምባዛም በብዙ የአፍሪካ ወንዞች የሞላ ነው። በጣና ብቻ የሚገኙት እኛ በጥቅሉ «ነጭ ዓሣ» የምንላቸው ወደ 15 የሚደርሱ ዝርያዎች ናቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ ሐይቁ ውስጥ የቀሩት ለብቻቸው እየተባዙ፣ አንዱ ዓሣ የሚበላ፣ አንዱ ከጭቃው ውስጥ ለቅሞ የሚበላ፣ አንዱ ሣር የሚግጥ እየሆኑ ተለያይተዋል። በምግብነቱ ነጭ ዓሣ ጣፋጭ ነው፤ በእኔ ምላስ ከቆሮሶ ይበልጣል። ችግሩ እትዬ የምግብ ቤት ባለቤቷ የጠቀሱት ደቃቅ እሾህ ነው፤ በሥጋው መካከል እንደ ባላ የተሰነጠቀ ስስ አጥንት ስላለው ችኩል በላተኛ አይሆንለትም። በደንብ ተከትፎ ዱለት ሲሠራ፣ ወይም ደርቆ ቋንጣ ሲሆን ግን እሾሁ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ «የተናቀው ነጭ ዓሣ ነው፣ አወድሱት» ብዬ መደምደም በቻልሁ ነበር። አልልም። ብዙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ገደማ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የመሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ጭምር ይሰበስበዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ ወዲህ ቁጥራቸው በእጅጉ ቀንሷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ግን አሁንም አለ። ስለዚህ ነጭ ዓሣ ምግብ ቤት ውስጥ ስሙ ባይገንን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማንም ባያዝዘው ደስ ይለኛል። በዚህ መለኪያ፣ የሽምብጡ ወንድማችን የነቀፉት የቆሮሶ ዝና ለሌሎቹ ጋሻ ሆኖላቸዋል። ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ፣ ደጋግማ የምትራባ ዓሣ ስለሆነች፣ ዳር ዳሩ ያለው ሣርና ደንገል ካልጠፋ ጫናውን ከነጭ ዓሣ በተሻለ ትቋቋማለች።

ዓሣ አስጋሪ፦

ባለሙያው ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቆሮሶም አታልቅም ብሎ መተማመን አይገባም። የመረቡ ዓይን እየጠበበ ነው የመጣው፤ ዛሬ «ሙሉ ዓሣ» ተብሎ የሚቀርበውን መጠን ቀድሞ መልሰን ውኃ ውስጥ እንጥለው ነበር። የእምቦጭ አረም በሸፈነው ዳርቻ ደግሞ መረብም ታንኳም አይገባም።

የወረታ ልጅ፦

ዓሣው ይበቃናል፤ ዓሣው የሚበላበት እንጀራስ? ከልክ በላይ የተወደሰው ነጭ የጤፍ እንጀራ ሲሆን የተናቀው የእኛ የፎገራ ሩዝ ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ በ1970ዎቹ ሲገባ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበትና ሌላ እህል የማያበቅለው መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለቤቱ ጎተራ የሚሞላ ሆነ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከእኛው አካባቢ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር «ነጭ ጤፍ» እየተባለ የሚበላው ብዙው እንጀራ ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ሰው እየበላው ስሙን ለመጥራት ግን ያፍራል።

ባለ ምጣድ (እንጀራ ጋጋሪ)፦

ልጄ፣ ሩዙን ሳትጠላ እውነቱን ስማ። የሩዝ ዱቄት ሲገባበት ሊጡ ይነጣል፣ ዓይኑም ያምራል፤ በዚህ አልከራከርህም። ነገር ግን ሩዙ ከበዛ ጠዋት የተጋገረው እንጀራ ማታ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ በማግሥቱ ፍትፍት እንጂ መጠቅለያ አይሆንም። ጤፍ በሁለተኛው ቀንም ይታጠፋል። ስለዚህ ሩዝ ሲቀላቀል መጥኖ ነው፤ ለደንበኛውም ተነግሮ ነው። ሳይነገረው የሚሸጥለት ሰው ለጤፍ ዋጋ ሩዝ እየገዛ ነውና።

እኔ የተናቀ ብዬ የማቆምለት ዳጉሳ ነው። የጎጃም ቤት ዳጉሳን የሚያስታውሰው ለጠላና ለአረቄ ነው፤ እንጀራው ስለሚጠቁር እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል። እኔ ግን ለወለደች ሴት የማዘጋጀው ከዳጉሳ ነው፤ የጤና ባለሙያ የሆነች ልጄም ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየም በ100 ግራም ዳጉሳ 340 ሚሊ ግራም ገደማ እንደሚደርስ፣ ይህም የጤፍ እጥፍ ያህል እንደሆነ፣ በተፈተገ ነጭ ሩዝ ውስጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል እንደሌለ ነግራኛለች። ጤፍና ዳጉሳ እኩል ተደርጎ፣ እርሾው ሳይቸኮል ሦስት ቀን ከቆየ፣ እንጀራው ኮምጠጥ ብሎ ለዓሣ ወጥ የሚስማማ ይሆናል። ነጩ እንጀራ ለዓይን ነው።

የወረታ ልጅ፦

ስለ መሰንጠቁ ያሉት እውነት ነው እማማ። ይሁን እንጂ ሩዝ በራሱ ስም፣ እንደ ሩዝ ተቀቅሎ በዓሣ ጉላሽ ቢቀርብስ? ከሩዝ ማሳው እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ፣ በባሕር ዳር ሩዝ ያዘዘ ሰው ከውጭ የመጣ በከረጢት የታሸገ ሩዝ ይቀርብለታል። እዚህ ላይ ንቀቱ ከጣዕም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሀገር ውስጡ በወፍጮ ሲፈተግ ስለሚሰባበርና ጠጠር ስለሚገኝበት ነው። ያ ደግሞ የወፍጮ ችግር ነው።

የምግብ ቤት ባለቤት፦

ጠጠሩ የወፍጮ ችግር ቢሆንም የሚሰበረው የደንበኛዬ ጥርስ ነው፤ ስለዚህ እስኪስተካከል የታሸገውን እገዛለሁ።

አሁን ወደ ቆየሁበት ነገር ልመለስ። ጉላሽ ተነሥቷልና እንናገረው፤ በከተማችን «ዓሣ ጉላሽ» ተብሎ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ተሠርቶ የሚቀርበው ሥጋ የየትኛው ዓሣ እንደሆነ ዝርዝሩ አይናገርም። ፊሌቶው ተቆራርጦ ከመጣ፣ ቆዳውና ራሱ ከሌለ፣ ደንበኛው ሊለየው አይችልም። አምባዛ ርካሽ ነው፣ በድስትም ውስጥ አይፈርስም፤ እንግዲህ የቀረውን እናንተው ገምቱት። ጉላሹን አጣጥሞ ጨርሶ «አምባዛማ አልነካም» የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ በቤቴ የማቀርበው የቆሮሶ ብቻ ነው፤ አምባዛን ዝርዝር ላይ ያላወጣሁት ደግሞ፣ ስሙን የጻፍሁ ዕለት የቆሮሶውንም ጉላሽ የሚጠራጠሩ ደንበኞች እንደማጣ ስለማውቅ ነው።

የዲቁና አገልጋይ፦

እትዬ፣ ይህ ከጣዕም ክርክር ወጥቶ የመታመን ጉዳይ ሆነ። በሥርዓቱ ምክንያት የማይበላን ሰው ሳያውቅ ማብላት፣ ጾመኛን ቅቤ እንደማብላት ያለ ነው። እርስዎ እንደማያደርጉት አምናለሁ፤ ይሁንና ዝም ያለ ዝርዝር እርስዎንም ከሚያደርገው ሰው ጋር አንድ ያደርጋችኋል። «የቆሮሶ ጉላሽ»፣ «የአምባዛ ጉላሽ» ተብሎ ለየብቻ ይጻፍ፤ የማይበላው ይለያል፣ የሚበላውም በርካሽ ያገኛል። ደንበኛ የሚያጡት ስለጻፉ ከሆነ፣ ሌላው ዝም በማለት የያዘው ደንበኛ በምን እንደተያዘ ግልጽ ነው።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

በዚህ ላይ ከዲያቆን ጋር እስማማለሁ፤ የእኔም ሙግት በዚህ ይጠናከራል። አምባዛ ስሙ ሳይጠራ ሲቀርብ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ ስሙ ሲጠራ አይታዘዝም። ቆሮሶ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ ብቻውን ይሸጠዋል። የጥብሱን አሠራር በተመለከተ እትዬ ያስረዱት ያሳመነኝ በእርሳቸው ቤት ለሚጠበሰው ብቻ ነው፤ አብዛኛው ቤት እንዲያ አይጠብስም፣ ዝናው ግን ለሁሉም እኩል ይታደላል።

ዓሣ አስጋሪ፦

ዝርዝሩ እስኪጻፍ ድረስ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። አንዱን ቁራጭ ከመረቁ አውጥቶ በሹካ ይጫነው። የቆሮሶ ከሆነ ነጭ ነው፤ በቀላሉ ቅጠል ቅጠል እያለ ይለያያል። የአምባዛ ከሆነ ጠቆር፣ ቀላ ያለ ነገር አለበት፤ ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይበተንም፤ ከንፈርም ላይ ቅባት ይተዋል። በርበሬው ከበዛ በዓይን መለየት ይከብዳልና በሹካው ይተማመኑ።